ያልወረደው መስመር

አስከሬኑን ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች። ሊፍቱ ከተሠራ ወዲህ የኋላውን ደረጃ የሚረግጠው ሰው ስለሌለ እሷም አልፎ አልፎ ነው የምትጠርገው። የዚያን ቀን ጠዋት ባልዲዋን አንጠልጥላ የብረቱን በር ስትገፋ፣ ከደረጃው ግርጌ ነጭ ገዋን የለበሰች ሴት በጀርባዋ ተንጋላ አየች።

"የተኛች ነው የመሰለኝ። 'እትዬ መስመር' ብዬ ተጣራሁ" አለችው ለኢንስፔክተሩ፤ መጥረጊያዋን እንደያዘች ነው። "ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራት። ኮምፒውተር ላይ መስመር ስትስል ነው የምትውለው። ሰው የማትነካ፣ ከሰው የማትደርስ ልጅ ነበረች።"

"ነክተዋታል እናቴ? ፊቷን? ልብሷን?"

"ኧረ እኔ ምን በወጣኝ! ጩኸቴን ለቀቅኩት እንጂ ጫፏንም አልነካሁ።"

ኢንስፔክተሩ ጎንበስ ብሎ አያት። ወደ አርባ የምትጠጋ ቀጠን ያለች ሴት ናት። ጭንቅላቷ ከኋላ በኩል ተፈንክቷል፤ ደሙ ሲሚንቶው ላይ ደርቆ ጠቁሯል። እሱን የከነከነው ግን ደሙ አልነበረም። ዓይኖቿ ተከድነዋል። መነጽሯም ታጥፎ ገዋኗ የደረት ኪስ ውስጥ ገብቷል። አውጥቶ ዘረጋው። አንደኛው መስታወት ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ውስጥ ደም ገብቶበታል።

"አንሸራትቷት ነው የሚሆነው አለቃ" አለች አብራው የመጣችው ሳጅን። "ደረጃው ልስልስ ነው።"

"መነጽሩ ሲሰነጠቅ ፊቷ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ አውልቆ፣ አጥፎ፣ ኪሷ የከተተው ማነው? ዓይኗንስ ማን ከደነላት?"

ሳጅኗ ማስታወሻ ደብተሯን ገለጠች።

ከሰዓት በኋላ አስከሬን መርማሪው ደውሎ የቀረውን ነገራቸው። ሁለቱም ክንዶቿ ላይ የጣት ምልክት አለ፤ አንድ ሰው ፊት ለፊቷ ቆሞ ግጥም አድርጎ ይዟታል። የሞተችው ደግሞ በዋዜማው፣ ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት ላይ ነው።

*

"ዓይኗን የከደነላት ሰው የሚወዳት ሰው ነው" አለች ሳጅኗ መኪናው ውስጥ። "ባሏ ጥሏት ከወጣ ቆይቷል። ጎረቤቶቿ ደግሞ በር ላይ መጥቶ ሲጮህባት ሰምተዋል።"

ባልየው ብረት በያጅ ነበር። ሲደርሱ የብየዳ መከላከያውን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የበር ፍሬም እየሞረደ ነው። መሞቷን የነገሩት ሰዎች ቀድመዋቸው ኖሯል፤ ዓይኑ ደም መስሏል፤ እጁ ግን ሥራውን አላቆመም።

"ወንድሜ፣ እሱን ነገር አስቀምጠውና እናውራ" አለው ኢንስፔክተሩ።

"ካስቀመጥኩት እወድቃለሁ።" እንዲያም ሆኖ ሞረዱን አስቀመጠው። "እኔ ነኝ የገደልኳት ብላችሁ ነው የመጣችሁት። ይገባኛል። ጮኼባታለሁ። ቤት መጥታ እንኳን ስለ ሙታን ነበር የምታወራው። አንድ ቀን 'እኔ ብሞት በየትኛው ረድፍ ነው የምትጽፊኝ?' አልኳት። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለንም።"

"ትናንት ሥራ መውጫ ላይ የት ነበርክ?"

"ትምህርት ቤት በር ስተክል። ርዕሰ መምህሩ ራሱ እስኪመሽ በሩን ደግፎልኝ ቆሟል። ጠይቁት።"

እዚያው ቆመው ደውለው ጠየቁት። እውነት ነበር። በሩን የደገፈው ርዕሰ መምህሩ ብቻም አልነበረም፤ ጥበቃውና ሁለት አስተማሪዎችም ነበሩ።

ሊለያዩ ሲሉ ባልየው ከኋላ ጠራቸው። "ባለፈው ሳምንት ደውላልኝ ነበር። ለዕርቅ መስሎኝ ደስ አለኝ። እሷ እቴ! 'ከመስመሬ ላይ ሰው እየጠፋብኝ ነው' አለችኝ። 'አሁንም መስመር?' ብዬ ዘጋሁባት።" አፉን በእጁ ጀርባ ያዘ። "ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት እኮ።"

*

የሟቿ ቢሮ ከካንሰር ሕሙማን ክፍል በላይ ያለች፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ መስኮት ብቻ የምትችል ጠባብ ክፍል ናት። በሩ ላይ ሲደርሱ የጥናቱ ኃላፊ የሆነው ዶክተር ኮምፒውተሯን ሊነቅል ገመዱን ይዞ አገኙት።

"የሕሙማን ምስጢር ስላለበት ነው" አለ ደንግጦ።

"ገመዱን ይልቀቁት ዶክተር" አለው ኢንስፔክተሩ። "ይልቅ ምን እንደምትሠራ ያስረዱኝ። እኔ የዚህ ነገር ማይም ነኝ።"

ዶክተሩ እያመነታ የኤክሴል ፋይሏን ከፈተው። ገጹ ላይ ሁለት መስመሮች አሉ፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ። ሁለቱም ከላይ ከአንድ ቦታ ይነሱና እንደ ደረጃ እየተቆራረጡ ወደ ቀኝ ይወርዳሉ። ቀዩ ቶሎ ቶሎ ይወርዳል። ሰማያዊው ጥቂት ወርዶ ሜዳ ላይ እንደደረሰ መንገድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

"ሰማያዊው አዲሱን መድኃኒት የሚወስዱት ናቸው፤ ቀዩ የድሮውን። ላይ ሲሆን ሁሉም በሕይወት አለ ማለት ነው። ሰው በሞተ ቁጥር አንድ እርከን ይወርዳል።"

"አዲሱ ያድናል ማለት ነዋ።"

"መስመሩ እንደዚያ ነው የሚለው።"

"እነዚህ ትንንሽ ጭረቶችስ?" ሰማያዊው ላይ እንደ ጉንዳን ተደርድረዋል።

"የጠፉ ሰዎች ናቸው። ስልክ የማያነሱ፣ አገር የቀየሩ። ሞተዋል አይባል፣ አሉ አይባል። መስመሩን አያወርዱትም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ከቆጠራው ይወጣሉ እንጂ።"

ኢንስፔክተሩ ጭረቶቹን ትክ ብሎ አያቸው። ቀዩ ላይ አንድ ሁለት ቢሆኑ ነው።

"ከእሷ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።"

የዶክተሩ ፊት ቅጭም አለ። "ሆስፒታሉ በሙሉ ሰምቷል፣ ምን እደብቃለሁ። ቁጥሩ ትክክል አይደለም አለችኝ። ለዚህ ጥናት ዕድሜዬን ነው የከፈልኩበት። 'ማስረጃ ሳትይዢ ፊቴ እንዳትቀርቢ' ብዬ ጮኽኩባት።"

"ትናንት ሥራ መውጫ ላይስ?"

"ታች፣ ሕሙማን ክፍል። አንድ ታማሚ ተባብሶበት አብሬው ነበርኩ።"

"ማን አይቶዎታል?"

"ታማሚው ራሱ። አሁን ግን መናገር አይችልም።"

*

ሳጅኗ የእረፍት ቀኗን ስታቲስቲክስ ስትማር ነው የምታሳልፈው፤ ጓደኞቿ የፖሊስ ፕሮፌሰር እያሉ ይቀልዱባታል። ኮምፒውተሩን ጣቢያ ወስዳ ተቀመጠችበት። ኢንስፔክተሩ ወንበር ስቦ ከጎኗ ሆነ።

"ሥራዋ እንዴት ንጹሕ መሰለዎት አለቃ። ይኸው፣ ይሄ ዓምድ ሰውየው ሕክምና ከጀመረ ስንት ቀን እንደሆነው ነው። ከጎኑ አንድ ወይም ዜሮ አለ። አንድ ከሆነ ሞቷል፤ ዜሮ ከሆነ በሕይወት አለ ወይም ጠፍቷል። ሰው በሞተበት ቀን ከቀሩት ውስጥ ስንቱ እንደተረፈ ታካፍልና ካለፈው ጋር ታባዛዋለች። መስመሩ እሱ ነው።"

"ደረጃ የመሰለውስ ለምንድነው?"

"ኤክሴል ለራሱ ቢተዉት ነጥቦቹን በሰያፍ ነው የሚያገናኛቸው፤ ሰው ቀስ በቀስ እንደሚሞት። እሷ ግን እያንዳንዱን ሞት ሁለት ረድፍ ላይ ጽፋዋለች። አንዴ ከመውረዱ በፊት ያለውን ከፍታ፣ አንዴ ከወረደ በኋላ ያለውን። ያን ጊዜ ነው መስመሩ ቀጥ ብሎ ሄዶ ድንገት ዱብ የሚለው።"

ሳጅኗ ወደ ሁለተኛው ገጽ አለፈች። ያው ሠንጠረዥ ነው፤ ግን ጥቂት ረድፎች ቢጫ ተቀብተዋል። በቢጫዎቹ ላይ ዜሮው ወደ አንድ ተለውጧል። ሰማያዊው መስመርም በነዚያ ቦታዎች መውረድ ጀምሯል። ከዚያ በታች ያሉት አልተነኩም፤ ሥራው እዚያ ላይ ቆሟል።

"የጠፉትን እያጣራች ነበር" አለች ሳጅኗ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

"ካልተቀቡት ላይ አንድ ስልክ ስጪኝ።"

ኢንስፔክተሩ ደወለ። ገና በመጀመሪያው ጥሪ አንድ ሽማግሌ አነሱት።

"ባለቤትዎን ፈልጌ ነበር አባቴ። ከሆስፒታሉ ጠፍታለች ብለው መዝግበዋታል።"

ሽማግሌው "የት ትጠፋለች ልጄ? አርፋለች እኮ" አሉ። "መድኃኒቱን ጀምራ ብዙም አልቆየች። ደሟ አላቆም አለ። ለሲስተሯ ነግሬያታለሁ። እንዲያውም ስልኩ ላይ አብራኝ አልቅሳለች፤ ፈጣሪ ይስጣት።"

ኢንስፔክተሩ ሌላ ቁጥር ደወለ። ሌላም ደወለ። ከሁሉም ቤት የወጣው ቃል አንድ ዓይነት ነው። እስኪበቃው ሰምቶ ስልኩን አስቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ አሸ።

*

ለቤተሰብ የምትደውለው ሲስተር የሕሙማኑ ክፍል አሮጊት ናት ማለት ይቻላል፤ ፀጉሯ የሸበተው እዚያው ነው። ታማሚዎቹ እንደ እናት ነው የሚያዩዋት። ኢንስፔክተሩ ሲመጣ መስኮቱ ሥር አልጋ ላይ ያለ ከሲታ ወጣት ትራስ እያስተካከለች ነበር።

"የወለድኩት ልጄ ነው" አለችው። ልጁም "ሞግዚቴ ናት" ብሎ ሳቅ ሊል ሞከረና ሳል ያዘው። እናቱ ደረቱን እየደገፈች እስኪያልፍለት ጠበቀች፤ ከዚያ ኢንስፔክተሩን ተከትላ ወደ መተላለፊያው ወጣች።

"ሲስተር፣ ቤተሰቦቻቸው 'ሞቱ' ብለው የነገሩዎት ሰዎች 'ጠፉ' ተብለው ተጽፈዋል።"

ግድግዳውን ተደገፈች። "ምን ይላሉ?"

"ኮምፒውተሩ ላይ የሚያስገባው ማነው?"

"እኔ ነኝ። እኔ የሰማሁትን ነው የጻፍኩት።" ትንሽ አሰበች። "የይለፍ ቃሉን ግን ዶክተሩም ያውቀዋል። ክፉ ማውራት አልወድም፤ ብቻ... ይሄ ጥናት ከወደቀ እሱም አብሮ ይወድቃል።"

"በዚያ ዕለት ሥራ መውጫ ላይ የት ነበሩ?"

"የት እሆናለሁ? ቢሮዬ፣ ስልክ ላይ። ቤተሰቦች የሚገኙት በዚያ ሰዓት ነው። የዚያን ቀን ግን ብደውል ብደውል የሚያነሳ አጣሁ።"

ሳጅኗ መኪናው ጋ ስትደርስ "ዶክተሩ ነው አለቃ" አለች። "ቁጥሩን ቀየረ፣ ሴትየዋ ደረሰችበት፣ ዝም አሰኛት። ኮምፒውተሩን ሊያሸሽ ሲል እጅ ከፍንጅ ይዘነዋል። ለምን እንቆያለን?"

ኢንስፔክተሩም ልቡ ወደዚያው አዘንብሎ ነበር። ግን ሰው ከማሰሩ በፊት ሰውየው ነበርኩ ያለበትን ቦታ ቆሞ ማየት ልማዱ ነው። በማግስቱ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ዶክተሩ አብሬው ነበርኩ ካለው ታማሚ አጠገብ ያሉት ሕሙማን አንድ በአንድ ተጠየቁ። ሁሉም አንድ ነገር አሉ። ዶክተሩ የዚያን ዕለት ከአልጋው ጎን ወንበር ስቦ፣ የሰውየውን እጅ ይዞ፣ ራት እስኪመጣ ንቅንቅ አላለም። አንዷ እንዲያውም "ሐኪም ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው" አለች።

ይህን እየሰማ ሳለ ያ ታማሚ እዚያው ዓይኑ ሥር አረፈ። ዶክተሩ የለም። ሲስተሯ ናት መጋረጃውን ስባ የገባችው። ኢንስፔክተሩ በመጋረጃው ክፍተት አያት። አልቸኮለችም። በአውራ ጣትና በሌባ ጣቷ የሟቹን ዓይን ከደነች። መነጽሩን ከጆሮው አላቀቀች፤ አንዱን እግር አጠፈች፣ ሌላውን አጠፈች፣ ከዚያ ቢጃማው የደረት ኪስ ውስጥ አስገባችው። እጇ የሚያደርገውን ልቧ እያሰበው አልነበረም፤ ዓይኗ በመስኮቱ ሥር ወዳለው አልጋ ነበር።

ኢንስፔክተሩ የሟቿን መነጽር አስታወሰ። ቀስ ብሎ ወጣ።

*

የስልክ ድርጅቱ መልስ በዚያው ቀን መጣ። በዚያ ሰዓት ከሲስተሯ ቢሮ የወጣ አንድም ጥሪ የለም። ብደውል የሚያነሳ አጣሁ ያለችው ሴት ስልኩን ጭራሽ አላነሳችውም።

መርማሪ ክፍሉ ውስጥ ወንበር ሰጧት። ኢንስፔክተሩ ስልኩን ነገራት፤ መነጽሩን ነገራት። አልካደችም። እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እንደ ባዕድ ነገር አየቻቸው።

"እንዴት ኪሷ እንደከተትኩት እንኳን ትዝ አይለኝም" አለች።

"ለምን ሲስተር? ዶክተሩ አስገድዶዎት ነው?"

"እሱ ምስኪን ምን ያውቃል። ልጄ አዲሱ መድኃኒት ላይ ነው። ሰማያዊው ከቀዩ በታች ከወረደ ጥናቱ ይቆማል፤ መድኃኒቱ ይመለሳል። በድሮው ሞክረነው አልሆነለትም። ሌላ ምን ነበረኝ? መጀመሪያ አንዷን 'ጠፋች' ብዬ ጻፍኩ። ለጥቂት ቀን ነው አልኩ፤ እስኪያገግምልኝ።"

"እነዚያ ሰዎች እኮ ያለቁት በመድኃኒቱ ነው። እርስዎ ነዎት የደወሉት። ከማንም በላይ ያውቁ ነበር።"

ራሷን ወዘወዘች። "አንድ በአንድ ነው የሰማሁት። አንዷ አርጅታለች አልኩ። አንዱ ዘግይቶ ነው የመጣው አልኩ። ለእያንዳንዱ ሰበብ ነበረኝ፤ ለእያንዳንዱ አልቅሻለሁ። ባንድ ላይ አላየኋቸውም። ያየቻቸው እሷ ናት።"

ሳጅኗ የኤክሴሉን ሥራ ጨርሳው ነበር። የሞቱት ሁሉ ወደ ቦታቸው ተመልሰው ታትሟል። ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን ሊያሳያት አልፈለገም፤ እሷ ግን ከክንዱ ሥር አይታው እጇን ዘረጋች። ሰማያዊው መስመር ከቀዩ በታች፣ ከጠረጴዛው ጫፍ እንደተገፋ ነገር ቁልቁል ወርዷል።

በጣቷ ቁልቁል ተከተለችው።

"ደረጃው ላይ ጠርታኝ ነው የወጣሁት" አለች ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል። "ሰው እንዳይሰማ አስባልኝ። 'ሲስተር፣ ነገ ለዶክተሩ ሳልሰጠው በፊት አንቺው ራስሽ ንገሪው' አለችኝ። አንድ ዙር ብቻ ታገሺኝ፣ ልጄ አንድ ዙር መድኃኒት ይውሰድ ብዬ ለመንኳት። 'እህቴ፣ አንድ ዙር ስንት ሰው ነው?' አለች። ክንዷን ያዝኳት። እምቢ ስትለኝ ነቀነቅኳት። ከዚያ... እጄ ባዶ ሆነ።"

ወረቀቱን በግንባሩ ገልብጣ አስቀመጠችው።

"መድኃኒቱን አቁመውለታል?"

"ዛሬ ጠዋት። ለሁሉም።"

"ልጄን አልገደልኩትም አይደል?"

ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን አንሥቶ መዝገቡ ውስጥ ከተተው።

*

ለልጁ የመንገር ዕዳ በማንም ላይ መጣል አልፈለገም፤ ራሱ ሄደ። ወጣቱ መስኮቱ ሥር ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። የመድኃኒቱ ከረጢት ከብረቱ ላይ ወርዷል። ዶክተሩ ቀድሞ የቻለውን ያህል ነግሮት ነበርና ኢንስፔክተሩ የቀረውን ሳያድበሰብስ ነገረው። ልጁ አላለቀሰም። ቆዳው ከአጥንቱ ጋር የተጣበቀ እጁን ብርድ ልብሱ ላይ እያመላለሰ ሰማው።

"ለእኔ ብላ ነው አይደል ጋሼ?"

"አዎ።"

"እኔ እኮ ላቆም ነበር።"

"ምን?"

"መድኃኒቱን። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ሰውነቴ ነግሮኝ ነበር። ድዴ ይደማል፣ እግሬ አይሸከመኝም። 'እማ፣ ይሄ ነገር እየገደለኝ ነው፤ በቃኝ' አልኳት። ማታውን ምንም አላለችኝም። በማግስቱ ወረቀት ይዛ መጣች፤ ሁለት መስመር ያለበት። እዚሁ አጠገቤ ተቀምጣ በጣቷ አሳየችኝ። 'ይኸው፣ የሚወስዱት እየኖሩ ነው። አንተም እዚህ ላይ ነህ' አለችኝ።" ትንፋሽ አጠረውና ጠበቀ። "መስመሩ እንዲህ ቀጥ ብሎ ነበር። እሱን አይቼ ነው የቀጠልኩት።"

ኢንስፔክተሩ ብዕሩን ይዟል፤ አልጻፈም። በመስኮቱ ከታች የመኪና ማቆሚያው ይታያል። አንዲት ሴት የታመመ ሰው ደግፋ እርምጃ በእርምጃ ወደ በሩ እየመጣች ነው።

"ይሄን እሷ እንዳትሰማው" አለ ልጁ። "ፍርዱን ትችለዋለች። ጠንካራ ናት፤ እስር ቤቱንም ትችለዋለች። ይሄን ግን አትችለውም። መዝገቡ ላይ ከገባ ያነቡላታል አይደል?"

"ያነቡላታል።"

ልጁ ዓይን ዓይኑን አየው።

ኢንስፔክተሩ ባዶውን ወረቀት አጣጥፎ ተነሣ። የወጣቱን ትከሻ ጨበጥ አደረገው፤ ከእጁ ሥር አጥንት ብቻ ነበር። ጣቢያ ሲደርስ ሳጅኗ መዝገቡን ዘርግታ፣ ብዕሯን አዘጋጅታ ትጠብቀው ነበር።

"የልጁን ቃል ላስገባ አለቃ። ምን አለ?"

ኮቱን ሰቀለ። ጀርባውን እንደሰጣት ነው የመለሰላት።

"ምንም" አለ። "እናቴ ደህና ናት ወይ ብሎ ጠየቀኝ።"